ፒክአፑ ሲለወጥ ሊብሬውም ይለወጥ

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በሳሪስ አካባቢ በሚገኙ ጋራዦች ደጃፍ የገጠር ጭቃ ያልለቀቃቸው ፒክአፖች ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ገሚሱ ወደ ሃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም አድርሶ በመልስ ጉዞው ጎራ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆኖ ለጥገና የመጣ ነው። ጥገናው ሲያልቅ ታዲያ ብዙዎቹ እንደ አመጣጣቸው አይመለሱም። አንዱ ባሌስትራ ተደርቦለት፣ ሌላው ስፖንዳው በብረት ተቀጥሎ፣ ሦስተኛው ትልልቅ ጎማ አጥልቆና በፖርቶ መጋላው ላይ ባውዛ ደርድሮ ይወጣል።

ባለቤቶቹ ይህን የሚያደርጉት ለጌጥ ብቻ አይደለም። በክረምት ወደ ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ ምን እንደሚመስል የግብርና ባለሙያውም አርሶ አደሩም ያውቀዋል። በአራቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ከሌለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ አይደርስም፤ ምርትም ከማሳ አይወጣም። አዲስ መኪና መግዛትም ከብዙዎች አቅም በላይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባትን ውድ ካደረገ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ አጠናክሮ መያዝ ሁነኛ አማራጭ ሆኗል። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ተለውጦ ሊብሬው እንደ ድሮው ሲቀር ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አንድ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ እንዲመዘገብና የቴክኒክ ብቃቱ በየዓመቱ እንዲመረመር ያስገድዳል። በተለምዶ ሊብሬ የምንለው ደብተር ታርጋና የባለቤት ስም ብቻ የሰፈረበት አይደለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የአካሉ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ የነዳጁ ዓይነት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ነጠላና ጠቅላላ ክብደቱ፣ የጭነት ልኩ፣ የመቀመጫው ብዛት ሁሉ ይጻፍበታል። ለቦሎ እድሳት መኪናውን የሚመረምረው ባለሙያም ሆነ በመንገድ ላይ የሚያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ የሚያመሳክረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ብረት ከማስበየድ በፊት ሊነሳ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራው ከእነዚህ መረጃዎች የትኛውን ይነካል የሚለው ነው።

በአርሶ አደሩ ዘንድ በብዛት የሚያሳስተው የጭነቱ ጉዳይ ነው። ባሌስትራ የተደረበለት ፒክአፕ ጭነት ሲበዛበት ጀርባው አይጎብጥም። ያልጎበጠ መኪና ደግሞ የቻለ ይመስላል። ነገር ግን ባሌስትራው ሲጠነክር ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ሻንሲው አብረው አይጠነክሩም። በሊብሬው ላይ 10 ኩንታል ከተጻፈ፣ አሥር ባሌስትራ ቢደረደርም ሕጋዊ ጭነቱ ያው 10 ኩንታል ነው።

እንዲያውም ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል የጭነት ልኩ 1 ሺህ ኪሎ ግራም በሆነ ፒክአፕ ላይ 150 ኪሎ የሚመዝን የብረት ስፖንዳ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ከባድ ፓራውልትና 50 ኪሎ የሚመዝን ፖርቶ መጋላ ተገጠመ እንበል። 90 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የነዳጅ ታንከር በናፍጣ ሲሞላ፣ ናፍጣው ብቻ 75 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ድምሩ 335 ኪሎ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ሳይታለፍ ሊጫን የሚችለው 665 ኪሎ ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ የባዶ ታንከሩ ብረት ሳይቆጠር። ብዙ ሽንኩርት ለመጫን ተብሎ የተበየደው ብረት የሽንኩርቱን ቦታ በላው። ይህን ስሌት ጋራዥ ገብቶ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በወረቀት ላይ መሥራት ይሻላል።

ከጭነት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተስተዋለ ነገር አለ። ባሌስትራ በመደረብ ወይም በአካሉና በሻንሲው መካከል ማንሻ በማስገባት መኪናው ከፍ ቢልም፣ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያርቀው በተጨመረው ቁመት ግማሽ ያህል ነው። ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጎማ 82 ነጥብ 5 በሆነ ቢተካ፣ ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ነው።

የዚያች 4 ሴንቲ ሜትር ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ጎማው በ10 በመቶ ሲያድግ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። ሰዓቱ 80 ሲል መኪናው በ88 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። አሽከርካሪው የፍጥነት ወሰኑን አክብሬአለሁ ብሎ ሲያስብ ይቀጣል። ፍሬኑም ለመጀመሪያው ጎማ የተሠራ በመሆኑ ትልቁን ጎማ ለማቆም የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል፤ በተለይ ጭነቱ ከስፖንዳው በላይ ከተቆለለ። የፊት መብራቱም አቅጣጫውን ስቶ ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። መብራቱን መልሶ ማስተካከል የአጭር ጊዜ ሥራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዓመታዊ ምርመራ ወቅት ግን ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ቀድመው የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

የሞተር ቅያሪ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያረጀን ሞተር በሌላ መተካት በራሱ ነውር አይደለም። ይሁንና አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ መኪናው በፍተሻ ሲያዝ በስርቆት ሊጠረጠር ይችላል፤ ሲሸጥም የስም ዝውውሩ ይደናቀፋል። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የግዥ ሰነድ ሳይዙ መግዛት ዋጋው ረከሰ ተብሎ ችግር መሸመት ነው። ሻንሲን በተመለከተ ግን ምክሩ አጭር ነው፤ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ላይ ብየዳም፣ ሞላም፣ ወፍራም ቀለምም አይድረስ።

በጭነቱ ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር አስገጥሞ ሰው መጫንም በየገበያው ቀን የሚታይ ነው። ፒክአፑ ሸራ ስለለበሰ የሕዝብ ማመላለሻ አይሆንም። የመቀመጫው ብዛት በሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ አገልግሎቱም በታርጋው ኮድ ይታወቃል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው ከቅጣት ያልፋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ለራሱ ለመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ የገባ ባለቤትም ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ሲያደርግ ለኢንሹራንስ ሰጪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሳያሳውቅ ቀርቶ ካሳ ሲጠይቅ መከራከሪያ የሚሆንበት ራሱ ያሠራው ብረት ነው።

ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ኮድ 4 ታርጋ የለጠፈ መኪና የመንግሥት ንብረት ነው። ሹፌሩ ወይም የተመደበለት ኃላፊ በገዛ ፈቃዱ ጎማና አካል የሚያስለውጥበት አይደለም። ፓራውልትና ባውዛ ለማስገጠም የሚወጣው ገንዘብ ያለቀ አሞርዛተር ለመቀየር፣ የፍሬን ሸራ ለመተካትና በመጀመሪያው ልኩ የጭቃ ጎማ ለመግዛት ቢውል መኪናው ቀበሌ የመድረስ አቅሙ ይጨምራል። እነዚህ ሥራዎች በሊብሬው ላይ የሰፈረውን አንዱንም አይነኩም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ በልቅ አይታይም። እንደኛው ላንድክሩዘር በብዛት በሚነዳባት አውስትራሊያ የመኪናን ጠቅላላ ክብደት ማሳደግ የሚቻለው ፍሬኑና ማንሻው በአንድነት ተፈትሾ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሲያረጋግጥ ነው። መኪናው ቻለ የሚባለው ተፈትሾ እንጂ ጀርባው ስላልጎበጠ አይደለም።

ለውጥ ማድረግ የግድ የሆነበት ባለቤት ቅደም ተከተሉን ልብ ይበል። የመኪናው ፋይል ያለው በተመዘገበበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ የተመዘገበ ከሆነ የሚቀርበው ለከተማዋ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። በክልል የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሚጀመረው እዚያው ባለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ ፒክአፕ ጎፋ ላይ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ስለ ፈቃድ ቢጠይቅ የሚመለሰው ወደ መጣበት ነው። ስለዚህ ሊሠራ የታሰበውን በጽሑፍ አመልክቶ መልሱን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ጋራዥ መግባት፣ ሥራው ሲያልቅ መኪናውን አስመርምሮ ሊብሬውን ማስተካከል፣ ከዚያም ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከጋራዡም ማኅተም ያለው ደረሰኝ፣ የተገጠመውን ዕቃ ዓይነትና ክብደት የሚገልጽ ወረቀት መቀበል ይገባል። በጉዞ ላይ ቅጂውን ጋቢና ውስጥ፣ ዋናውን ቤት ማስቀመጥ ይመረጣል።