ጨረራ፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ጨረራ ከአንድ ምንጭ ወጥቶ የሚጓዝ ጉልበት ነው። ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ ጨረራ ናቸው። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ፈንቅሎ ማውጣት የሚችለው ብርቱው ዓይነት ነው። ይህ ጨረራ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይሰብራል። ሰውነት አብዛኛውን ስብራት ራሱ ይጠግናል። መጠኑ ሲበዛ ግን ሕዋሱ ይሞታል፤ አለዚያም ጥገናው ይሳሳትና ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

የሰው ልጅ ይህን ኃይል ያወቀው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ዛሬ በየሆስፒታሉ «ራጅ» የሚባለውን ጨረር በ1895 አገኘ። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ማንም ሳይነካው ከራሱ ጨረራ እንደሚያመነጭ ደረሰበት። ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ደግሞ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ጉዳቱ በጊዜው በውል ስላልታወቀ ማሪ ኩሪ ዘመኗን ሙሉ ያለ መከላከያ ሠርታለች። በ1934 የሞተችውም መቅኒዋ ደም ማምረት ተስኖት ነው። የላቦራቶሪ ማስታወሻ ደብተሮቿ ዛሬም በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ጨረራ የሚያመነጩት አስኳላቸው ያልረጋ አቶሞች ናቸው። አስኳሉ እስኪረጋ ድረስ አልፋ፣ ቤታ ወይም ጋማ የሚባሉ ጨረሮችን ይለቃል። አልፋን አንድ ወረቀት ያቆመዋል፤ አመንጪው ቅንጣት በትንፋሽ ወደ ሳንባ ከገባ ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ቤታን ስስ አሉሚኒየም ይገታዋል። ጋማ ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል። የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ግማሾቹ ተለውጠው የሚያልቁበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ይህ ለአዮዲን 131 8 ቀን ገደማ፣ ለሲዚየም 137 ደግሞ 30 ዓመት ያህል ነው።

በሰው ላይ የሚደርሰው መጠን በሚሊሲቨርት ይለካል። ማንኛውም ሰው፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ እንኳ፣ ከአፈርና ከድንጋይ፣ ከምድር ከሚወጣው ራዶን ጋዝ፣ ከምግብና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል። ከጠፈር የሚመጣው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚበረታ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከጅቡቲው ነዋሪ የበለጠ ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ የደረት ሲቲ ስካን ግን ወደ 7 ይጠጋል። ሲቲ ስካን «ለማንኛውም» ተብሎ መታዘዝ የሌለበትም ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትጠረጥር ሴትም ራጅ ከመነሣቷ በፊት ለባለሙያው መናገር አለባት። ከጨረራ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ዓለም አቀፉ ወሰን በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው። በአንድ ጊዜ 1,000 ሚሊሲቨርት የደረሰበት ሰው ይታመማል፤ ከ4,000 እስከ 5,000 የደረሰባቸው ሰዎች ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ።

ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። በጨረራ መመታትና በጨረራ አመንጪ ብናኝ መበከል የተለያዩ ናቸው። እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ይሞቀዋል እንጂ ፍም ይዞ አይሄድም፤ ጥቀርሻ ከነካ ግን ይዞት ይሄዳል። ራጅ የተነሣ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጨረራ የለም። በጋማ ጨረራ ከጀርም የጸዳ የሕክምና መርፌም እንዲሁ ጨረራ አይተውም።

በኢትዮጵያ የጨረራ ጥቅም ይበልጥ የሚታወቀው በካንሰር ሕክምና ነው። ለረጅም ዓመታት ለመላ ሀገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ይሠራ የነበረውም ኮባልት 60 በሚባል የጨረራ ምንጭ ነበር። ኮባልት 60 በየዓመቱ 12 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ምንጩ ባረጀ ቁጥር አንድ ሕመምተኛ ተገቢውን መጠን ለማግኘት ማሽኑ ሥር የሚተኛበት ደቂቃ ይረዝማል፣ በቀን የሚስተናገደው ሰውም ያንሳል። ለወራት ወረፋ የጠበቁ፣ ተራቸው ሳይደርስ ዕጢው የባሰባቸው ሕሙማን ነበሩ። ስለ ጨረራ ስጋት በሚነሣበት ሁሉ፣ በጨረራ እጦት የሚጠፋው ሕይወትም አብሮ ሊነሣ ይገባል።

ብዙም የማይወራለት ሌላው ሥራ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ይመለከታል። ገንዲ በደቡብና በምዕራብ ለም ሸለቆዎች በሬውን ከቀንበር ያወጣ፣ ገበሬውን ለም መሬት አስጥሎ ወደ ደጋ የገፋ በሽታ ነው። ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በተጀመረ ፕሮጀክት፣ አዲስ አበባ ቃሊቲ ውስጥ ዝንቡን የሚያራባ ማዕከል ተቋቁሟል። ዝንቦቹ በቀጭን የሲሊኮን ሽፋን ሥር የተዘረጋ የከብት ደም እየመጠጡ ያድጋሉ። ወንዶቹ በተመጠነ ጨረራ ይመክኑና በሸለቆው ይለቀቃሉ። የቆላ ዝንብ እንስት በሕይወቷ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ስለምትጠቃ፣ መካን ወንድ ያገኛት እንስት ዘር ሳትተካ ትቀራለች። ከዚያ በፊት ግን የዱሩን ዝንብ በወጥመድና በመድኃኒት ማሳነስ የግድ ነው፤ አለዚያ የተለቀቁት በዱሩ ብዛት ይዋጣሉ። በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት ዝንቡ በ1990ዎቹ ጨርሶ የጠፋው በዚህ ዘዴ ነው።

የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዩራኒየም 235 መሰንጠቅ ነው። ኒውትሮን አስኳሉን ሲመታው ለሁለት ይከፈላል፣ ሙቀት ይወጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ኒውትሮኖችም ተፈናጥረው ሌሎች አስኳሎችን ይመታሉ። ይህ በሚካሄድበት ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች ሰንሰለቱን ይቆጣጠራሉ። ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። የማብላያ ነዳጅ ዩራኒየም 235 ይዘቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ እንደ አቶም ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። አንድ 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ ማብላያ በዓመት 25 ቶን ገደማ ነዳጅ ሲበቃው፣ እኩያው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ከሰል ያቃጥላል። በአፍሪካ የሚሠራው ጣቢያ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ብቻ ነው፤ ግብፅ በኤል ዳባ አራት ማብላያዎች እየገነባች ነው። በ2025 ኢትዮጵያም ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ጣቢያ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ለመጀመሪያ ጣቢያ የሚደረገው ዝግጅት እንደ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ግምት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት ከሲሚንቶው ቀድሞ መቆም ያለበት ነጻና የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ነው።

በ1986 የቸርኖቢል ኒውክሌር ጣቢያ አራተኛ ማብላያ የፈነዳው የንድፍ ጉድለት እያለበት፣ ለሙከራ ሲባል የደኅንነት መሣሪያዎቹ ተዘግተው ነው። ጨረራ አፍኖ የሚይዝ ጠንካራ ሕንፃም አልነበረውም። 28 ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች በአጣዳፊ የጨረራ ሕመም በወራት ውስጥ ሞቱ። አዮዲን 131 የወደቀበትን ሣር የጋጡ ላሞችን ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት ከዓመታት በኋላ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ያዛቸው፤ ወተቱ ወዲያው ቢከለከል ኖሮ አብዛኛው በቀረ ነበር። በ2011 በጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ ሱናሚ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ የሦስት ማብላያዎች ነዳጅም ቀለጠ። በዚያ ከጨረራው ይልቅ ብዙ ሰው የሞተው በጥድፊያ መፈናቀሉ ባስከተለው እንግልት ነው፤ ከሟቾቹ የሚበዙት አረጋውያን ነበሩ። ያም ሆኖ ለተመረተ እኩል ኤሌክትሪክ ሲሰላ፣ የድንጋይ ከሰል በጭሱ የሚገድለው ሰው ከኒውክሌሩ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ያገለገለው ነዳጅ ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ጥበቃ ይሻል። ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ፣ በመዳብ ዕቃ ታሽጎ የሚቀበርበትን ዋሻ አዘጋጅታለች።

ከጣቢያዎቹ ይልቅ ለተራው ሰው የሚቀርበው አደጋ የተረሳ የሕክምና ጨረራ ምንጭ ነው። በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ክፍል አውጥተው ለብረታ ብረት ቁርጥራጭ ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ የነበረው ሲዚየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ነጋዴው ተገርሞ ቤተሰብና ጎረቤት ጠራ፤ ፍርፋሪውንም አከፋፈለ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በተነካካ እጇ ምግብ በላች። ሰዎች ሲታመሙ የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ቀሪውን በከረጢት አድርጋ በአውቶቡስ ወደ ጤና ባለሥልጣናት ወሰደች። እርሷንና የስድስት ዓመቷን ልጅ ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበከሉ፣ ከ110,000 በላይ ሰው ስታዲየም ውስጥ ተመረመረ።

በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞር ነጋዴ ባለበት ሀገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የተለመደው የጨረራ ምልክት በቢጫ መደብ ላይ ያለ ባለ ሦስት ክንፍ ጥቁር ሥዕል ነው። ብዙ ሰው ትርጉሙን ባለማወቁ በ2007 ለአደገኛ ምንጮች ተጨማሪ ምልክት ወጥቷል፤ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከላይ ጨረር፣ ከሥር የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው ይታያል። ከሁለቱ አንዱ ያለበት ወይም ለመጠኑ ያለልክ የሚከብድ የተዘጋ ብረት የተገኘ እንደሆነ አይነካም፣ አይከፈትም፣ አይሸጥም። ሰውን ከአካባቢው አርቆ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረራ ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ ጥቂት እርምጃ መራቅም ብዙ ያተርፋል።