የአዲሱ ጊታር መቺ ገድል

በአገራችን የባንድ ጊታር መቺ የሆነ ሰው ሁለት ልደት አለው። አንደኛው እናቱ የወለደችው ቀን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የባንዱ አስተዋዋቂ ማይክራፎኑን ጨብጦ «አዲሱን ጊታሪስታችንን ላስተዋውቃችሁ!» ያለበት ሌሊት ነው። ከሁለቱ ተአምር የሚበዛበት ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እኛም ለዛሬ እሑድ፥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሠርግና በሆቴል ለሚጫወት ባንድ አዲስ ጊታሪስት የሕይወት ታሪክ ልንጽፍለት ተነሥተናል። ባንዱንም ሰውዬውንም የፈጠርናቸው እኛ ስለ ሆንን፥ «ስሜ ጠፋ» ብሎ የሚከሰን አይኖርም። ስለ እውነተኞቹ ሙዚቀኞች ደግሞ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አስተዋዋቂው እንደሚለው ባለ ታሪካችን የተወለደው በታቦር ተራራ ጫፍ፥ ነጎድጓድ በበዛበት ሌሊት ነው። ሌሎች ሕፃናት ዝም ብለው ያለቅሳሉ፤ እሱ ግን በባቲ ቅኝት አለቀሰ። ገና ወተት ሳይተው የመጀመሪያ ጊታሩን ከጀልባ ስባሪ ሠራ፤ ክሩንም ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ለመነ። በዚያች ጊታር ሲመታ ቆሮሶው እየዘለለ በገዛ ፈቃዱ ጀልባ ውስጥ ገባ፤ አምባዛው ግን ዕድሜው የገፋ ስለ ነበረ «የድሮ ዘፈን ካልሆነ አልወጣም» ብሎ ከጭቃው ውስጥ ቀረ። አባ ኮዳዎቹ በሐይቁ ዳር በአንድ እግራቸው የሚቆሙትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ሁለተኛውን ያነሡት ምቱን ሊከተሉበት ነበር፥ እሱ ግን በጣም ስለሚፈጥን የሚያሳርፉበትን ጊዜ አጡ።

አንድ ቀን ደግሞ በሠርግ መካከል መብራት ጠፋ። ባለ ታሪካችን በጣቶቹ ፍጥነት ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ሙሽሮቹ ኬካቸውን በብርሃን ቆረጡ። የሠፈሩም ሰው ወርኃዊ የመብራት ሒሳቡን ለማን እንደሚከፍል እስከ ዛሬ ግራ እንደ ገባው ነው።

እንግዲህ ገድሉ ይህ ነው። አንባቢያችን ከዚህ ሁሉ የትኛውን ልመን ቢለን፥ የዓሣ ማጥመጃውን ክር እመን እንለዋለን። በዱሮ ጊዜ የጊታር ክር ልክ እንደ በገናችን ከአንጀት ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ተፈልጎ ከገበያ ሲጠፋ፥ አልበርት ኦገስቲን የተባለ የኒውዮርክ ጊታር ሠሪ ፊቱን ወደ ናይሎን አዞረ። ታላቁ የእስፓኝ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያም ወደደው። ያ ናይሎን ዛሬ ዓሣም ይይዛል፥ ጆሮም ይይዛል።

ተአምሩ አልቆ ሙዚቃው ሲጀመር ግን ነገሩ ይከፋል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው፤ መቺውም አስቀድሞ በቅኝቱ ስለሚያስማማው እጁ እንዳሻው አይባዝንም። ጊታር ግን 12ቱ ድምፆች ሁሉ አንገቱ ላይ ተደርድረው «እኔን ንካኝ፥ እኔን ንካኝ» ይላሉ። ትዝታም ሆነ ባቲ፥ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፥ እያንዳንዳቸው የሚሹት አምስት ድምፅ ነው። እንግዲህ ጊታሪስቱ አምስቱን ከማወቁ በላይ ሰባቱን መተው አለበት። አዲስ ሰው ደግሞ መተው አይሆንለትም። ዘፋኙ ትንፋሽ እስኪስብ እንኳ ሳይጠብቅ፥ በሦስት ዓመት ያጠናውን በሦስት ደቂቃ ያወርደዋል። ሽማግሌው ሳክስፎን ነፊ በዕረፍት ጊዜ ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ የምታውቀውን ሁሉ ዛሬ መንገር የለብህም፤ ነገም ሠርግ አለ» አሉት።

ይህ የጊታሪስት በሽታ ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በወሩ «ስንት ወንበር ጎደለን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ስለ ወንበር አመጣጥ ከግሪኮች ዘመን ጀምሮ አሥር ገጽ ማስታወሻ የሚያቀርብ ወጣት ሹም በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። የወንበሩ ቁጥር ግን ከአሥሩ ገጽ በአንዱም አይገኝም።

አሁን ወደ እውነተኞቹ እንምጣ። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ከጊታሪስቶቹ ስመ ጥሩ ሰላም ሥዩም ነው። ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 እንደ ገና ሲያሳትመው፥ ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ አዳመጡት። ባንዱ በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ የብዙ ዘፋኞችን ካሴት አጅቧል። ሰላም ሥዩም ጊታር መምታት ብቻ ሳይበቃው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ እንዴት ተነሥቶ እንዳደገ ጥናት ጽፏል። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ከተበተነ በኋላ፥ በዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ በአውሮፕላን ጣቢያ ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ካሴቱ በውጭ አገር ዳግመኛ ሲወጣ፥ ጣቶቹ ሳይዝጉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የዘለለ ዓሣ የለም፤ ሆኖም ከገድላችን ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

የእኛው ሰው ደግሞ ፈተና አለበት። የሠርጉ ወራት ጥርና ከፋሲካ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ ባንዱም «እስከ ዐቢይ ጾም እናይሃለን» ብሎታል። አባቱ በበኩላቸው «ያስተማርሁህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?» ብለው፥ የመንግሥት ሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣ እየቆረጡ ያስቀምጡለታል። በጥር መጨረሻ በዘመድ ሠርግ ላይ ሊሰጡት፥ የተቆረጠውን ወረቀት በደረት ኪሳቸው ይዘው መጡ። ትዝታ ተጀመረ። ልጁ ጥቂት መታ፤ ዝም አለ፤ ዘፋኙ እስኪጨርስ ጠብቆ አምስቱን ድምፅ አንድ በአንድ አስከተለ። ሰባቱን አልነካቸውም። ይበላ የነበረው ሰው ጉርሻውን ያዝ አደረገ። አባትየው አጠገባቸው የተቀመጠው እንግዳ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ትንሽ ዘግይተው «የእኔ ነው» አሉ፤ ወረቀቱም እንደ ታጠፈ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ በመጣው ሠርግ አስተዋዋቂው ገድሉ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨመረ። ልጁ በታቦር ጫፍ ሲወለድ፥ አባትየው በነጎድጓዱ መካከል ቆመው ከበሮ ይመቱ ነበር አለ። አባትየው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ይህን ሰሙ፤ አላስተባበሉም።