ሽታ የሌለው ጋዝ ስለምን ይሸታል?

በዛሬው እሑድ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በየማድ ቤቱ ስለገባው ስለ ጋዝ ነው። የከተማ ነዋሪ ከእንጨትና ከኩበት ጢስ፣ ከከሰልም ጥላሸት ለመላቀቅ ሲል ሲሊንደር ገዝቶ ምድጃውን ያቀጣጥላል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ማናቸውም አዲስ መሣሪያ ወደ ቤት ሲገባ ዕውቀቱም አብሮት መግባት ይኖርበታል። ምድጃው በገንዘብ ይገዛል፤ አያያዙ ግን የሚገኘው በመማር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። በአገራችን «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠውን ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባን ነው። እርሱ ፈሳሽ ነው። ዛሬ የምንናገርለት ግን እንደ አየር የሚበተነው ሲሆን፣ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ሜቴን ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ይህ ጋዝ በመሬት በተቀበረ ቧንቧ እንደ ውሃ ወደየቤቱ ይገባል። በአገራችንም በኦጋዴን፣ ካሉብና ሂላላ በተባሉ ሥፍራዎች መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ሆኖም በቧንቧ ወደየቤታችን አልገባም። ሁለተኛው በሲሊንደር ታምቆ የሚሸጠው ፕሮፔንና ቡቴን የተባለው ነው። በየቤታችን የምናውቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ግን በደረሰበት ቀን የመጀመሪያውን በማድ ቤቱ ሊያገኘው ይችላልና ሁለቱንም ማወቅ ይበጃል።

ሁለቱ ጋዞች በጠባይ ይለያያሉ

የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር የቀለለ ነው፤ ክብደቱ ከአየር ክብደት ግማሽ በጥቂት ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ሲያፈተልክ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ይወጣል፤ መስኮት ከተከፈተለትም ቶሎ ይበተናል። የሲሊንደሩ ጋዝ በአንጻሩ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል እስከ ሁለት ጊዜ ይከብዳል። ስለሆነም እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በወለል ላይ ይተኛል፤ በአልጋ ሥር፣ በጉድጓድና በምድር ቤት ይጠራቀማል። ሲሊንደር በምድር ቤት ወይም ከወለል በታች በሆነ ሥፍራ አይቀመጥም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ የሚገዛ ሰውም ለቧንቧው ጋዝ ከጣራው አጠገብ፣ ለሲሊንደሩ ጋዝ ደግሞ ከወለሉ አጠገብ መስቀል እንዳለበት ከዚሁ ይረዳል።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ጋዝ ብቻውን አይነድም፤ ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን መቀላቀል አለበት። የተፈጥሮ ጋዝ የሚቀጣጠለው በአየሩ ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ሲሆን ነው። ፕሮፔን ግን ከመቶ 2 እጅ በጥቂት ሲያልፍ ለመቀጣጠል ይበቃል። እንግዲህ አደጋ ለማድረስ ቤቱ በጋዝ መሞላት አያስፈልገውም፤ ጥቂቱ ይበቃል ማለት ነው።

ሽታው ከወዴት መጣ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ሜቴንም ሆነ ፕሮፔን በተፈጥሮው ሽታ የሌለው መሆኑ ነው። በየማድ ቤታችን የምናውቀው፣ የበሰበሰ ነገር የሚመስለው ያ መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ስለምን እንደተጨመረ የሚያስረዳው ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ነው።

መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1937) በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ ኒው ለንደን በተባለች አነስተኛ ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት የዕለቱ ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ፈነዳ። አካባቢው ነዳጅ የሚወጣበት ስለነበረ ትምህርት ቤቱ ሀብታም ነበር። ቢሆንም ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ከነዳጅ ጉድጓዶች የሚተርፈውን ጋዝ ከሚያስተላልፈው ቧንቧ ላይ ቀጥለው ለማሞቂያ ይጠቀሙበት ነበር። ጋዙም አፈትልኮ ከሕንፃው ወለል በታች ባለው ክፍት ሥፍራ ተጠራቀመ። ሽታ አልነበረውምና ማንም አላወቀም። በእጅ ሥራ ክፍል እንጨት ማለስለሻው የኤሌክትሪክ መኪና ሲነሣ በወጣው የእሳት ብልጭታ ጋዙ ተቀጣጠለ። ወደ 300 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ።

በዚያው ዓመት ቴክሳስ በጋዝ ውስጥ የሚሸት ነገር እንዲጨመር በሕግ አዘዘች፤ ልማዱም ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፋ። የሚጨመረው መርካፕታን የሚባል ድኝ ያለበት ቅመም ሲሆን፣ እጅግ ጥቂቱ ለሰው አፍንጫ ይበቃል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ጋዙ ሊቀጣጠል ከሚችልበት መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሽታው ለማንኛውም ጤነኛ አፍንጫ ሊታወቅ ይገባዋል። እንግዲህ ሽታው የጋዙ ጉድለት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ከሞቱ በኋላ ለእኛ የተተከለልን ደወል ነው። ደወሉን ሰምቶ «ይኼ ሽታ ሁልጊዜም አለ» ብሎ ሥራውን የሚቀጥል ሰው በከንቱ ተደወለለት።

ሲሸት ምን ይደረግ?

ሽታው ቀለል ያለ ከሆነ ምድጃውንና የሲሊንደሩን መዝጊያ መዝጋት፣ በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ከዚያም መውጣት ነው። ሽታው የበረታ ከሆነ ግን መስኮት ልክፈት፣ ዕቃ ላንሣ ሳይሉ ሰውን ሁሉ ይዞ ወዲያው መውጣት ይገባል። በሁለቱም ጊዜ ክብሪት አይጫርም፤ ሲጋራ አይለኮስም፤ መብራትም አይበራም። መብራቱ በርቶ ከሆነም አይጠፋም። በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ የምትፈጠረው ዐይን የማያያት ብልጭታ ከክብሪቱ አታንስምና። ሶኬት መንቀልና የደጅ ደወል መደወልም እንዲሁ ነው። ስልክ የሚደወለው ከቤት ርቆ፣ ደጅ ከተወጣ በኋላ ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ 939፣ በአሜሪካ ደግሞ 911 ነው።

በሰው አፍንጫ ላይ ያለ አንድ ድካምም አለ። ለረጅም ጊዜ የሸተተውን ነገር ይለምደዋል፤ ጉንፋን ሲይዘውም አያሸትትም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ እንግዳ «ጋዝ ይሸተኛል» ካለ፣ ለባለቤቱ ባይሸተውም እንግዳውን ማመን ይሻላል።

የአንድ ዳዶ ነገር

ግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1968) በለንደን ከተማ ሮናን ፖይንት በተባለው፣ ሰዎች ከገቡበት ሁለት ወር ያህል ብቻ በሆነው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ፣ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር ሴት በማለዳ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ጫረች። ያፈተለከው ጋዝ ፈንድቶ ግድግዳውን ገፋው፤ ሕንፃው በተገጣጣሚ የተሠራ ስለነበረም የአንዱ ማዕዘን ክፍሎች ተራ በተራ ተደረመሱ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 17 ቆሰሉ። ምርመራ ሲደረግ የጋዙን ቱቦ ከምድጃው ጋር የሚያያይዘው ከነሐስ የተሠራ ዳዶ ከተገቢው መጠን ያነሰና የተሰነጠቀ ሆኖ ተገኘ። የሕንፃው ማያያዣ መድከም ጥፋቱን እንዳበዛው የታወቀ ነው፤ መነሻው ግን በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ዳዶ ነበረች።

ይህን የምናነሣው በገበያ በርካሽ የሚገኘውን ጎማና ማያያዣ ስንገዛ እንድናስብ ነው። ሲሊንደር በተለወጠ ቁጥር ሬጉሌተሩ በሚገባ መግጠሙን፣ የጎማ ቀለበቱም አለመድረቁን ማየት ያስፈልጋል። ጎማው ለጋዝ የተሠራ እንጂ ለውሃ የተሠራ መሆን የለበትም፤ ከምድጃው ጀርባ ከሙቀት ጋር መነካካት የለበትም፤ የተሰነጣጠቀም ቢሆን በፕላስተር አይጠገንም፣ ይለወጣል። ማፈትለኩን የሚያውቁት የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ላይ በመቀባት ነው። አረፋው እያበጠ ከሄደ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች በክብሪት ብርሃን ሊፈትኑ ይሞክራሉ፤ የእነዚህን ሰዎች ነገር ማብራራት አያስፈልግም።

ሲሊንደሩ ዘወትር ቀጥ ብሎ ይቆም፤ ከተጋደመ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ 270 ሊትር የሚደርስ ጋዝ ይሆናል። የሚቀመጥበት ሥፍራም አየር የሚያገኝ፣ ከፀሐይና ከእሳት የራቀ፣ ቢቻል ከቤት ውጭ ይሁን።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን

በዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ነሐሴ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2016) የአንድ የኪራይ ሕንፃ የጋዝ ቆጣሪ ክፍል ፈንድቶ 7 ነዋሪዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ እንዳስታወቀው የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው አሮጌ መሣሪያ ተበላሽቶ፣ ትርፉን ጋዝ ወደ ውጭ ሊያወጣ ይገባው የነበረው ቱቦም ስላልተያያዘ፣ ጋዙ በክፍሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ከአደጋው በፊት በነበሩት ሳምንታት ሽታው የተሰማቸው ነዋሪዎች ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ሽታን ለጎረቤት ወይም ለአከራይ ብቻ ነግሮ መተው እንደማይበቃ ነው። ወደ 911 ወይም ወደ ጋዝ ኩባንያው የአደጋ ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ከሸተተም ሁለተኛ መደወል ነው። አገሩን ያልለመደ ሰው «ቋንቋዬ አይበቃም፣ በከንቱ አስቸገራቸው ይሉኛል» ብሎ እንዳይፈራ። በግቢው ችግኝ ሊተክል ወይም አጥር ሊያቆም ጉድጓድ የሚቆፍርም ሰው አስቀድሞ 811 ደውሎ ቧንቧው የተቀበረበትን ያስመልክት። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው።

ሌላም ለወገኖቻችን የምንነግረው ነገር አለ። በውጭ የገዙትን የጋዝ ምድጃ ለወላጆቻቸው ወደ አገር ቤት የሚልኩ ሰዎች አሉ። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ከሲሊንደር ጋር እንዲሁ አይገጠምም። የሲሊንደሩ ጋዝ በግፊትም በሙቀትም ስለሚበረታ ጠባብ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው በባለሙያ ሳይለወጥ ከተቀጣጠለ ነበልባሉ ከልክ በላይ ይነሣል፤ ስጦታውም አደጋ ይሆናል።

የማይሸተው ጠላት

እስካሁን ስለሚሸተው ተናገርን። ነገር ግን ማንም ቅመም ያልጨመረበት፣ የማይታይና የማይሸት ሌላ ጠላት አለ፤ ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ጋዝም፣ ከሰልም፣ ቤንዚንም ሆነ እንጨት አየር አጥሮት ሲነድ የሚወለድ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን በሚሸከመው ክፍል ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውየውም እየተነፈሰ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መድከም ነው። ብዙዎች ጉንፋን መስሏቸው ይተኛሉ፤ የተኛም ሳይነቃ ይቀራል።

የጋዝ ምድጃ ነበልባል ሰማያዊ ሊሆን ይገባል። ቢጫ ከሆነና ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ አየር አጥሮታልና ባለሙያ ይየው። በክረምት ብርድ የጋዝ ምድጃን ቤት ማሞቂያ ማድረግ ክልክል ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በአገራችን የሚያሳስበን የከሰል ነገር ነው። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍም የያዘውን ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት በየጊዜው የሰው ሕይወት የሚቀጥፍ ልማድ ነው። ከሰሉ ጢሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። በውጭ አገር ባሉ ጠባብ የፎቅ ቤቶች ቡና ለማፍላት ከሰል የሚያቀጣጥሉ ወገኖቻችንም የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢጠቀሙ ጀበናው አይቀየማቸውም።

ማን ይንገራት?

ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸው። ምድጃውን የምታቀጣጥለው ግን በአብዛኛው ቤት እናት፣ እኅት ወይም ከገጠር በቅርቡ መጥታ የተቀጠረች ሠራተኛ ናት። ሲሊንደሩ ሲገዛ ከሱቅ የተሰጠው ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ እርስዋ አላየችውም፤ ብታየውም በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሜቴንና ፕሮፔንን በኬሚስትሪ ትምህርት ተምሮ በፈተና ከፍተኛ ማርክ ያገኘ ልጅ ሠራተኛይቱ በሸተተው ክፍል ውስጥ መብራት ስታበራ ዝም ብሎ ካየ ትምህርቱ ምን ጠቀማት?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ዛሬውኑ ከምሳ በኋላ ወደ ማድ ቤት ገብተው ጎማውን ይመርምሩ፤ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትኑ። ከሁሉ በላይ ግን ሽታው ምን ማለት እንደሆነ፣ መዝጊያው የት እንዳለና በየት በኩል እንደሚወጣ ምድጃውን ለምታቀጣጥለው ሰው በሚገባት ቋንቋ ይንገሯት፤ እርስዋም ራስዋ መዝጊያውን ዘግታ እንድታሳይ ያድርጉ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።