«ይህ ስም ተይዟል»

የእህቴ ልጅ ጀውሃ ላይ ማሾ ይነግዳል። አንድ ቀን ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ቴሌግራም በስሜ አልመዘግብም አለኝ» አለኝ። ስሙን ትቼ እንደ ሰይድ መሐመድ ያለ ነው ልበላችሁ። በዚህ ስም ሰንበቴ ገበያ መሃል ቆማችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዞር እንደሚል አስቡት።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ከፎቶው አጠገብ የሚታየው ነው። በፊደላችን ይጻፍ፣ አበባ ይለጠፍበት፣ ሺህ ሰው ይጋራው፣ የሚከለክል የለም። ሌላው ከ«@» ቀጥሎ የሚመጣው ዩዘርኔም ነው። ይህ አድራሻ ስለሆነ ለሁለት ሰው አይሆንም። አዲስ ስም ስትጽፉ ማሽኑ የተያዙትን ስሞች ይፈትሽና ካገኘው ይመልሳችኋል። ቀድሞ የያዘ ያዘ።

በዚህ ላይ የኛን ፊደል አይቀበልም። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ፣ ከ5 ያላነሰ ከ32 ያልበለጠ፣ በቁጥር የማይጀምር። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። «ቀ»ን አንዱ በኬ ይጽፋል፣ ሌላው በኪው፤ «ተ»ም «ጠ»ም በቲ ይጻፋሉ። «ጀውሃ»ን ራሷን ሦስት ሰዎች ብናስጽፋቸው ሦስት ዓይነት አድርገው ሊጽፏት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ስም ተይዟል ሲባል የተያዘው አንዱ አጻጻፉ ብቻ ነው።

ስሙ ሲያዝ ምን ይደረጋል? ይጨመርበታል። ይህን አገራችን ይፋት ከቴሌግራም በፊት ያውቀዋል። ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ፣ ሮቢት በረቡዕ ገበያዋ የተጠሩ ከተሞች ናቸው። ረቡዕ የሚገበይ አገር ግን ብዙ ስለሆነ ቆቦ አጠገብም ሮቢት አለ፣ ባሕር ዳር አጠገብም አለ። የኛዋ «ሸዋ» ተጨምሮላት ተለየች።

ሰዎቹም እንዲሁ ናቸው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ገጥሞ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ሲሆን መለያ ያስፈልጋል። የድሮ ነገሥታትና መኳንንት መለያ የፈረስ ስም ነበር። ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። የራስ መኮንን አባ ቃኘው ደግሞ ከባለቤቱ አልፎ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ መጠሪያ ሆነ። ባለ ቅኔው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ደግሞ ለብዕር ስሙ «ገሞራው»ን መረጠ፤ እሳተ ገሞራ ማለቱ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከዛሬው ዩዘርኔም ይልቅ የፈረስ ስም ይሻላል፤ ቢያንስ ሰውየው ምን መሆን እንደሚመኝ ይነግረናል።

ዛሬ በብዛት የሚጨመረው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜም የልደት ዓመት። ታዲያ በየትኛው አቆጣጠር? 92 የሚለው በኛ ከሆነ ልጁ በፈረንጅ 1999 ወይም 2000 የተወለደ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ይበልጠዋል። ለትዳር የምትፈልጉት ከሆነ ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የራሱን ስም ተወና አገሩንና ሸቀጡን አጋጠመ፦ ጀውሃ፣ የታች ሰረዝ፣ ማሾ። ወዲያው ተቀበለው።

አንድ ነገር ግን ነገርኩት። ዩዘርኔም መቀየር ይቻላል፤ በውስጥ የምንታወቅበት ቁጥር ስለማይለወጥ ወዳጆቻችን አይጠፉም። የተውነው ስም ግን ነጻ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል። የቆየ ደንበኛ በድሮው አድራሻ ሲፈልግ ሌላ ሰው ቢያገኝስ?

እናንተም ማሾም ይሁን ሽንኩርት ከስልክ ላይ ስታዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ከ«@» ቀጥሎ ያለውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ትንሹ ኤል እና ትልቁ አይ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ፎቶውንና የሚታየውን ስም ደግሞ ማንም ይገለብጣቸዋል።