ቤተሰብን ያወድሳሉ፣ ሚናራን ይከለክላሉ

 

ልጆቻቸው አውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «እዚያ ስለ ጋብቻ ክብር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ሃይማኖት የሚናገሩ ፓርቲዎች አሉ። ንግግራቸው ከእኛ ጋር ይገጥማል። ታዲያ ለምን በሙስሊሙ ላይ ይነሳሉ?» ይሉናል። ዛሬ ይህንኑ በተቻለን መጠን እናብራራለን።

አስተሳሰቡ ብሔራዊ ወግ አጥባቂነት ይባላል። እዚህ ላይ «ብሔር» ስንል በአገራችን እንደለመድነው አንድን ጎሣ ማለታችን ሳይሆን የአንድን አገር ሕዝብ በሞላው ማለታችን ነው። አራማጆቹ እንደሚሉት አንድ ሕዝብ የሚቆመው በቋንቋው፣ በታሪኩ፣ በሃይማኖቱና በቤተሰቡ ትስስር ነው፤ መንግሥትም ይህን ትስስር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ እንደ አውሮፓ ኅብረት ያሉ ከአገር በላይ የሆኑ ተቋማት ሥልጣናቸው ሲሰፋ አይወዱም፤ ስደተኛም እንዲቀንስ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ በ2018 ዮራም ሃዞኒ የተባለው እስራኤላዊ ጸሐፊ ለብሔርተኝነት የሚሟገት መጽሐፍ አሳተመ። በ2019 በዋሽንግተን ጉባኤ ተደረገ፤ በ2022 ደግሞ የመርሆዎች መግለጫ ወጣ። መግለጫው ክርስቲያኖች በሚበዙበት አገር የአደባባይ ሕይወት በክርስትና ላይ ይመሥረት ይላል። አናሳ ሃይማኖቶች በራሳቸው ተቋማትና በልጆቻቸው አስተዳደግ ይጠበቁ የሚልም አለበት። ይህን አለመጥቀስ ከፍትሕ ውጭ ይሆናል።

በሥራ ሲታይስ? በ2010 ወደ ሥልጣን የተመለሱት የሃንጋሪው ቪክቶር ኦርባን ከ2020 ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሳደገች እናት ከደመወዟ የገቢ ግብር እንዳትከፍል አደረጉ። የትኛው ሙስሊም ቤተሰብ ይህን ይጠላል? እኚሁ ሰው ግን በ2015 በሰርቢያ ድንበር ላይ አጥር አሳጠሩ፤ በአገራቸው ብዙ ሙስሊም እንዲኖር እንደማይፈልጉም በግልጽ ተናገሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን የሚያሳየን የስዊዘርላንድ ታሪክ ነው። በ2005 ቫንገን በምትባል ትንሽ ከተማ የቱርክ ሙስሊሞች ማኅበር ስድስት ሜትር ገደማ የምትሆን ሚናራ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ። ስድስት ሜትር ማለት ሁለት ፎቅ ቤት እንኳ አያክልም! ጎረቤት ተቃወመ፣ አስተዳደሩ ከለከለ፣ ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሙስሊሞቹ ረቱ፣ ሚናራዋም በ2009 ቆመች።

በስዊዘርላንድ ግን በ18 ወር ውስጥ 100,000 ፊርማ ያሰባሰበ ሰው ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ሕዝብን ማስወሰን ይችላል። የስዊዘርላንድ ሕዝብ ፓርቲ በተባለው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ያሉ ፖለቲከኞችና አጋሮቻቸው ፊርማውን አሰባሰቡ። መንግሥት ተቃወመ፤ የፓርላማው አብላጫ ተቃወመ፤ የካቶሊክ ጳጳሳት፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትና የአይሁድ ማኅበረሰብም «አይሆንም» አሉ። ይህን ውለታቸውን መርሳት አይገባም። ኅዳር 29 ቀን 2009 እ.ኤ.አ (እነሱ ኖቬምበር በሚሉት ወር) ድምፅ ከሰጡት 57.5 በመቶው እገዳውን ደገፈ። «ሚናራ መሥራት የተከለከለ ነው» የሚል ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ገባ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ከአንዳቸውም አዛን ወደ ውጭ አይሰማም ነበር። አራቱ አልፈረሱም፤ መስጂድ መሥራትም አልተከለከለም። በስትራስቡርግ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ያመለከቱ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ በ2011 ከሳሾቹ ራሳቸው ሚናራ ለመሥራት ያሰቡ ስላልሆኑ በቀጥታ አልተጎዱም ብሎ አቤቱታቸውን አልተቀበለም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ ሕዝብ የወሰነበት የመጀመሪያው ጉዳይ በ1893 እንስሳን ሳያደነዝዙ ማረድን የከለከለው ነው። ያኔ የተነካው አይሁዱ ነበር። ዛሬም ሕጉ አለ፤ ሙስሊሙንም ይነካዋል።

እንግዲህ የወላጆቹ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ይመስለናል። እኛ ጋብቻን የምናከብረው አላህ (ሱ.ወ) ስላዘዘ ነው። እነሱ የሚያከብሩት ግን በዋነኛነት የአባቶቻቸው ወግ፣ የአገራቸው መለያ ስለሆነ ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ የጎረቤት ሚናራ ሲነሳ ይለያያሉ። ነገርን የራስ ወግ ስለሆነ ብቻ የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ወግ እንደ ሥጋት ሊያየው ይቀላል። ቁርኣንም «አባቶቻችንን ያገኘነው በዚህ ላይ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ያስተምረናል።

አገርን መውደድ ግን ነውር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ለከተማዋ ያላቸውን ፍቅር ተናግረዋል። ያወገዙት ዐሰቢያን ነው፤ ይኸውም ሰው ወገኑን በበደሉ ላይ መርዳቱ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ የአውሮፓ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙ በሚበዛባቸው አገሮችም አናሳው ቤተ አምልኮ ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቅ የሚንገላታበት አለ፤ ስዊዞችን ስንወቅስ ይህን መደበቅ አንችልም።

በመጨረሻ ወደዚያ ለሚሄዱ እህቶች አንድ ነገር እናሳስባለን። በ2021 በ51.2 በመቶ ድምፅ ስዊዘርላንድ ውስጥ ፊትን በአደባባይ መሸፈን ተከልክሏል፤ ሕጉም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ኒቃብን እንጂ ሒጃብን አይመለከትም። በአምልኮ ቦታ ውስጥ አይሠራም፤ በውጭ ግን ቅጣቱ እስከ 1,000 ፍራንክ ይደርሳል።