በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይስ በኤሌክትሪክ? የልብ ምት መዛባት ተረትና እውነታ

ተረት፦ «በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ አብሌሽን የድሮውን ሁሉ ሽሮታል።»

ባሕር ዳር ላይ ይህ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ነው። ገንዘብ ማሰባሰቡም ወዲያው ይጀመራል። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የምት መዛባት የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳዩ ሐኪም ሚሼል አይሳጌርና ባልደረቦቹ መዛባቱን የሚቀሰቅሰው ምልክት በአብዛኛው የሚነሳው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ሥሮች መሆኑን አሳዩ። አብሌሽን ማለት እንግዲህ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በእነዚያ ሥሮች አፍ ዙሪያ ጠባሳ በመፍጠር ምልክቱን ማገድ ነው። ደረት አይከፈትም።

ጠባሳው በሦስት መንገድ ይፈጠራል። ራዲዮ ፍሪኩዌንሲ ነጥብ በነጥብ ያቃጥላል። ክራዮ ባሉን ሥሩ አፍ ላይ ተነፍቶ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ያቀዘቅዛል። ፐልስድ ፊልድ ደግሞ እጅግ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ልኮ የሴሎቹን ሽፋን ይበሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ፋየር ኤንድ አይስ» የተባለ ጥናት 762 ሕሙማንን ይዞ ሙቀትንና ቅዝቃዜን አወዳደረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ መዛባቱ የተመለሰባቸው ወይም ሕክምናው ያልያዘላቸው በቅዝቃዜ 34.6፣ በሙቀት 35.9 በመቶ ነበሩ። በ2023 «አድቬንት» አዲሱን ኤሌክትሪክ ከሁለቱ ነባሮች ጋር በ607 ሰዎች ሲያወዳድር ሕክምናው የሠራላቸው በአዲሱ 73.3፣ በነባሮቹ 71.3 በመቶ ሆኑ። ለሁለት በመቶ ልዩነት ቤት አይሸጥም።

የአዲሱ ዋና ጥቅም ሌላ ነው፤ ሥራው ፈጠን ይላል፣ ጎረቤት አካልንም ብዙ አይነካም። ሙቀት አልፎ አልፎ የምግብ ቧንቧን እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ሲከሰት ብዙ ጊዜ ገዳይ ነው። ቅዝቃዜ ደግሞ ድያፍራምን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊያደነዝዝ ይችላል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም፤ ቀይ የደም ሴሎችን አፍርሶ ኩላሊት ላይ ጫና ሊፈጥር ይችላል። እኔ ብጠየቅ ከመሣሪያው ዓይነት በፊት የምጠይቀው ሐኪሙ በያዘው መሣሪያ ስንት ሰው እንዳከመ ነው።

ተረት፦ «ለፈረንጅ የሠራ ለእኛም ይሠራል።»

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ጥናቶች ያካተቱት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ የልብ ቫልቫቸው ያልጠበበ ሰዎችን ነው። በአገራችን ግን አትሪያል ፊብሪሌሽን ብዙ ወጣት የሚይዘው በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ነው። ሚትራል የተባለው ቫልቭ ሲጠብ ደም በላይኛው ክፍል ይጠራቀምና ግድግዳውን ይለጥጠዋል። ጠባሳ የጠበበ ቫልቭ አይከፍትም። ስለዚህ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሄደ ሰው ስለ አብሌሽን ከመጠየቁ በፊት የልብ አልትራሳውንዱን ውጤት ይጠይቅ። ቫልቩን በባሉን ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊቀድም ይችላል።

በሌላ በኩል ልቡ ድንገት እንደ ከበሮ ሲመታ ቆይቶ ድንገት ቀጥ የሚልለት፣ ቫልቩም ጤነኛ የሆነ ወጣት አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮ የመጣ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ነው፤ ነባሩ የሙቀት አብሌሽን ከአሥሩ ዘጠኙን አንዴ ነክቶ ይገላግላል። ስለዚህ ምቱ በተነሳበት ሰዓት ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሮጦ ኢሲጂ የተባለውን የልብ ምርመራ ማስነሳት ነው፤ ካለፈ በኋላ ወረቀቱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል።

ተረት፦ «ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጊዜው አልፎበታል፤ የሚወስደውም ሰው ጎመን አይቀምስም።»

በ2022 የታተመው «ኢንቪክተስ» በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ይዞ አዲሱን ደም ማቅጠኛ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪንና ከወገኖቹ ጋር አወዳደረ። ሞት ያነሰው በነባሮቹ ነው። ጎመንን በተመለከተ ደግሞ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ጉዳቱ ግን ከመብላቱ ሳይሆን ከመለዋወጡ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጎመን በልቶ ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው የደም ምርመራው፣ አይኤንአር የሚባለው፣ መዋዠቁ አይቀርም፤ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3 መካከል መቆየት አለበት። ጾም ሲገባም ሲወጣም መለካት ይበጃል። አብሌሽን የተደረገለትም ቢሆን ደም ማቅጠኛውን ቢያንስ ሁለት ወር አይጥልም፤ ከዚያ በኋላም የሚወስነው የስትሮክ ስጋቱ ነው።

ተረት፦ «ልቡ የሚዛባ ሰው ቡና እርም ነው።»

ቡና ለሚያመርተው የዘጌ ሰው ይህ ከባድ ፍርድ ነበር። በ2025 የወጣው «ዲካፍ» 200 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ሲያይ ግን በስድስት ወር ውስጥ መዛባቱ የተመለሰባቸው ከጠጡት 47፣ ከተዉት 64 በመቶ ሆኑ። አረቄ ግን ያው ጠላት ነው።

ተረት፦ «እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ ከጉሮሮ ሕመም ይድናል።»

አይድንም፤ መቁረጡ ራሱ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በባክቴሪያ ከመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ፔኒሲሊን ነው። አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌውን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ ደህና ሆኖ እየታየም ቢሆን፣ ለዓመታት ይወጋል።