እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይታሽም

ዶሃ ምኩራብ የላትም። መስጊድ በየሰፈሩ አለ፤ ለክርስቲያኖችም መሲኢሚር በሚባለው አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ሰፊ ግቢ ተሠርተውላቸዋል። አይሁዳዊ ግን ወደዚህች ከተማ የሚመጣው በእንግድነት ነው፤ ወይ ለጉባኤ፣ ወይ ለንግድ፣ ወይ አውሮፕላን ሊቀይር። በርከት ብለው የታዩት በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዋንጫው ሰሞን ነበር። ከቴል አቪቭ ቀጥታ በረራ ተፈቀደ፤ በሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያም ከኢስታንቡል የመጡ ረቢዎች የሚቆጣጠሩት የኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የአመጋገብ ሕግ የተፈቀደ ምግብ የሚሠራበት፣ ወጥ ቤት ተከፈተ። ጋዜጠኞች ስለሚጋገረው ቤግል ጻፉ። እኔን የሳበኝ ግን ከቤግሉ በፊት የሚቀድመው ነገር ነው፤ እንግዳው በሆቴል ክፍሉ ገና ከአልጋው ሳይወርድ የሚፈጽመው ሕግ።

ኔቲላት ያዳይም ይባላል፤ ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚፈጸም የእጅ መታጠብ ሥርዓት ነው። የጋራው ጸሎት አሥር ሰው ካልሞላ ጎዶሎ ነው፤ ሥጋውም ያለ አራጁ አይበላም። ይህኛው ግን ጣሳና ውሃ ካገኘ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ምኩራብ በሌለበት ከተማ ምንም ሳይጎድልበት ሊፈጸም የሚችለውም ለዚህ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ ክርስቲያኖቹ፣ ስለ አይሁድ እጅ መታጠብ የሰማነው ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነው፤ ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን ሳይታጠቡ በሉ ብለው የከሰሱበት ቦታ። ያ ክርክር የማዕድ ነው። ከእንጀራ በፊት የሚደረገው መታጠብ ዛሬም አለ፤ ባለ ሁለት እጀታው ጣሳም የመጣው በዋናነት ለእሱ ነው። አንዱን እጀታ ያልታጠበው እጅ ይይዘዋል፣ ሌላውን የታጠበው፤ ንጹሑ መልሶ እንዳይረክስ። ሲታጠቡ የሚባለው ቡራኬ ለጠዋቱም ለማዕዱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከውጭ ያየ ሰው ይደባልቃቸዋል። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው፤ የዛሬው ጉዳያችንም የጠዋቱ ነው።

ጠንቃቃ የሆነ አይሁዳዊ ማታ ከመተኛቱ በፊት በጣሳ ውሃ ቀድቶ፣ ከመቀበያው ሳሕን ጋር አልጋው አጠገብ ያስቀምጣል። ሳይታጠብ ከአራት ክንድ በላይ መራመድ አይገባም የሚል ጥብቅ አስተያየት ስላለ፣ ውሃው ወደ ሰውየው ይምጣ እንጂ ሰውየው ወደ ውሃው አይሂድ ነው ነገሩ። ሲነቃ ዓይኑን አያሽም። አፍንጫውን፣ አፉን፣ ጆሮውን አይነካም። ነፍሱን ስለመለሰለት ፈጣሪን የሚያመሰግንባት ሞዴ አኒ የምትባል አጭር ጸሎት አለች፤ የፈጣሪ ስም ስለማይጠራባት ባልታጠበ እጅም ትባላለች። ከዚያ ጣሳውን በቀኝ እጁ ያነሳና ለግራው ያቀብላል። በግራው ይዞ ቀኙ ላይ እስከ አንጓው ያፈሳል፤ ጣሳውን ያዛውርና በቀኙ ይዞ ግራው ላይ ያፈሳል። ደግሞ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። ደግሞ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። ቀኙን ሦስት ጊዜ አከታትሎ፣ ግራውን ደግሞ ሦስት ጊዜ ማስከተል አይደለም፤ መፈራረቁ ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው። ካባላ የሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ሊቃውንት እንደሚሉት የሌሊቱ ክፉ መንፈስ ከታጠበው እጅ ወዳልታጠበው እየዘለለ ይሸሻል፤ እያፈራረቁ ማሳደዱ ለዚያ ነው።

ሳሕኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ለምንም አይውልም። አበባ አያጠጡበትም፣ ወለል አይታጠብበትም፣ ሰው በሚመላለስበትም አይደፋም።

ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ ንጽሕና ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ስለ ሳሙና አንዲት ቃል አይናገርም። ገላውን ታጥቦ ንጹሕ አንሶላ ላይ የተኛውም ሰው ሲነሳ ከግዴታው አያመልጥም። ታዲያ መታጠቡ ለምንድን ነው? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ለእኔ የነገሩ ጣዕም ያለውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መልስ የረቢዎች ሕግና ክርክር ከተሰበሰበበት ከታልሙድ የመጣ ነው። እንቅልፍ ከሞት ስድሳ እጅ አንዱ ነው ይላሉ፤ ሰው ሲነቃ በእጆቹ ላይ የሌሊት መንፈስ ይቀርበታል፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ካላረፈበትም አይለቅም። ባልታጠበ እጅ ዓይን መንካትን በብርቱ ቃል የሚያወግዘውም ይኸው ታልሙድ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስፔን የታወቀው ዞሃር የተባለው የካባላ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ የበለጠ አጠነከረው። ሁለተኛውን መልስ የሰጠው ረቢ አሸር ቤን የሒኤል ነው፤ በ1327 ቶሌዶ ውስጥ ያረፈ ሊቅ። የእሱ አባባል ቀለል ያለ ነው፤ እጅ ሥራ ፈት አይደለም፣ በእንቅልፍ ልብ የተሸፈነውን የሰውነት ክፍል ይነካል፣ ስለዚህ ለጸሎት ከመቆም በፊት ይታጠባል። ሦስተኛው የባርሴሎናው ረቢ ሽሎሞ ቤን አድሬት ነው። እሱ ከእጁ ቆሻሻ ይልቅ ሰውየውን አየ። ማታ ነፍሱን አደራ ሰጥቶ የተኛ ሰው ጠዋት እንደ አዲስ ፍጡር ይነሳል፤ አዲስ ፍጡር ደግሞ ወደ አገልግሎት የሚገባ ካህንን ይመስላል፣ ካህን ሳይታጠብ ወደ መሠዊያው አይቀርብም።

የዚህ የሦስተኛው ሥር ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ውስጥ ነው፤ አሮንና ልጆቹ እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበት የነሐስ ገንዳ እንዲሠራ በታዘዘበት። በኋላ በኢየሩሳሌም መቅደስ የነበረው ገንዳ ሁለት መፍሰሻ ብቻ ነበረው፤ ቤን ካቲን የተባለ ሰው አሥራ ሁለት እንዳደረገለት የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና ይመሰክራል። ለኦርቶዶክሱ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ በቅዳሴያችን ካህኑ እጁን ታጥቦ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ውሃውን ሲያርከፈክፍና ያልተዘጋጀ እንዳይቀርብ ሲያስጠነቅቅ አይቷል። ካህኑ ያን ጊዜ የሚታጠበው ጭቃ ነክቶ አይደለም።

ሦስቱ መልሶች የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስሉ፣ ልዩነታቸው የሚወጣበት አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ዶሃን የመሰለ የመሸጋገሪያ ከተማም ለዚህ የተመቸ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ሳይተኛ ያነጋ ሰው ይታጠባል ወይ? ምክንያቱ እንቅልፍ ከሆነ አልተኛም። ምክንያቱ አዲስ ቀን ከሆነ ግን ቀኑ ለእሱም ነግቷል። የክራኮው ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ጥርጣሬውን በመሐል መንገድ ፈታው፤ ይታጠባል፣ ቡራኬውን ግን አይልም። ልማዱ ደግሞ መውጫ አበጀለት፤ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲወጣ መታጠቡ የማያጠራጥር ግዴታ ስለሚሆን ቡራኬውን ያኔ ይላል። የሕግ ሰዎች ብልሃት በየትም አገር ያው ነው።

የጠዋቱን መታጠብ ደንቦች ሰብስቦ ሕግ ያደረገው በጸፋት ከተማ የኖረው ዮሴፍ ካሮ ነው። ሹልሐን አሩክ የተባለው መጽሐፉ በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ፤ የመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 4 ሙሉ በሙሉ ስለ ጠዋት መታጠብ ነው። እዚያ ውስጥ ከእንቅልፍ ሌላ መታጠብ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ከመጸዳጃ ቤት የወጣ፣ ጥፍሩን የቆረጠ፣ ጫማውን በእጁ ያወለቀ፣ እግሩን የነካ፣ ራሱን ያከከ፣ ሬሳ የነካ፣ ከልብሱ ቅማል የለቀመ። ቅማሉ ጋ ስንደርስ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ጠዋት ምን ይመስል እንደነበር ፍንትው ብሎ ይታየናል።

አሁን ከሆቴሉ እንውጣና የዶሃን ንጋት እንይ። ነጅማ ወይም መንሱራ ሰፈር ውስጥ የፈጅር አዛን ሲሰማ፣ በመስጊዱ ጎን ባለው መታጠቢያ ሰዎች ዝቅ ባሉ የድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ተደርድረው ቧንቧ ይከፍታሉ። ውዱእ ነው፤ ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ እስከ ክርን፤ ራስን በእርጥብ እጅ ማበስ፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት። ውዱእ ከአይሁዱ የጠዋት መታጠብ ይሰፋል፤ በቀን ውስጥ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። ነገር ግን አቡ ሁረይራ ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የመዘገቡት ሐዲስ አለ፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን ሳይታጠብ፣ በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ፣ የውሃ ዕቃ ውስጥ እንዳይከት ያዛል፣ ምክንያቱም እጁ የት እንዳደረ አያውቅም። ሦስት ጊዜው የታልሙዱ ሦስት ጊዜ ነው። ምክንያቱም የቶሌዶው ረቢ አሸር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተናገረው ነው።

ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር ብዙ አይስበኝም፤ አብረው የኖሩ ሰዎች ውሃ ሲጠቀሙ እርስ በርሳቸው መተያየታቸው አይቀርም። የተመዘገበ አንድ ምሳሌ ግን ልጥቀስ። ዐረቦች ሙሳ ኢብን መይሙን የሚሉት ማይሞኒደስ፣ በ1204 ግብፅ ውስጥ ያረፈው ታላቅ ሊቅ፣ ለጠዋት ጸሎት እጅ ብቻ ሳይሆን ፊትና እግርም ይታጠቡ ብሎ ጽፏል። ልጁ አብርሃም የግብፅ አይሁድ መሪ በሆነ ጊዜ እግር መታጠብንና በግንባር መስገድን ወደ ምኩራብ ለመመለስ ታገለ፤ ወገኖቹ «ይህ የእስላም ነው» ሲሉት «የአባቶቻችን ነው» እያለ ይሟገት ነበር። አልተሳካለትም። ዛሬ በአብዛኛው የቀረው እጅ ብቻ ነው።

በረሃ ላይ ደግሞ ሁለቱ ሕጎች ይበልጥ ይቀራረባሉ። ሙስሊሙ ውሃ ሲያጣ በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋል። ታልሙድም ውሃ ያጣ ሰው እጁን በአፈር፣ በጠጠር ወይም በስንጥር ጠርጎ ይጸልይ ይላል፤ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት የጸሎት ሰዓት ያሳለፈውንም ይነቅፈዋል። ዶሃ ውስጥ እዚህ አያደርስም፤ ከቧንቧው የሚወርደው ጨዉ የተጣራለት የባሕር ውሃ ነው። ሳይጣራ ግን ጉዳይ ያስነሳ ነበር፤ ውሻ የማይጠጣው ጨዋማ ውሃ በዕቃ ተቀድቶ ለእጅ መታጠቢያ አይሆንም የሚል ደንብ አለና። ደንቡ የወጣው ለማዕዱ ነው፤ ካሮ ግን ለጠዋቱም ቢጠበቅ መልካም ነው ይላል። የሚገርመው፣ ያው ሰው ኮርኒሽ ወርዶ እጁን እባሕሩ ውስጥ ቢነክር ይያዝለታል። በጣሳ የተከለከለው በነከራ ይፈቀዳል።

ከእኛው አገር ሰዎች ደግሞ ቤተ እስራኤልን ማንሳት የግድ ነው። በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ የኖሩት እነዚህ ወገኖች ኦሪትን በግእዝ ያነቡ ነበር፤ ታልሙድ ግን አልደረሳቸውም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ እያፈራረቁ በጣሳ ማፍሰስ የሚለው የረቢዎች ሥርዓት የእነሱ አልነበረም። ውሃን ግን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር፤ መንደራቸውን ወንዝ ዳር ይመሠርታሉ፣ ሰንበት ሳይገባ ይጠመቃሉ፣ ከማኅበረሰባቸው ውጭ ካለ ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይጠመቁ ቤት አይገቡም። ይህ ልማዳቸው «አትንኩኝ» የሚል ስም አሰጥቷቸው ነበር። ከ1984 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት ልጆቻቸው ባለ ሁለት እጀታውን ጣሳ የተዋወቁት እዚያ ነው። መላ ሰውነቱን በወንዝ ሲያነጻ ለኖረ ሽማግሌ በአንድ ጣሳ ውሃ ነጻህ መባል ምን ያህል ጥቂት እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ፣ ዶሃ ውስጥ በሆቴል ሃውስኪፒንግ ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች አንድ ቃል። አልጋ ሥር ወይም ኮመዲኖ ላይ ጣሳና ሳሕን፣ አንዳንዴም የበረዶ ባልዲ ከነውሃው ካገኛችሁ የተረሳ ዕቃ አይደለም። ጣሳውን አትጣሉት። ሳሕኑ ላይ ያለውን ውሃ ለማጽጃ ሳትጠቀሙበት ፍሳሽ ማስወገጃው ውስጥ ድፉትና ዕቃውን አለቅልቃችሁ ካገኛችሁበት ቦታ መልሱት፤ እንግዳው ማታ ውሃውን የሚሞላው ራሱ ነው።